ከደሴ እስከ እንጦጦ፦ በክረምት ዕረፍት ልጆችን መዝናኛ ፓርክ ለመውሰድ

ካቻምና ልጆቼን አዲስ አበባ የወሰድኳቸው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። ቲኬት ለመቁረጥ ሁለት ሰዓት ተሰለፍን፤ የመጀመሪያው መጫወቻ ላይ ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ትንሹ ልጄ በአባቱ ትከሻ ላይ ተኝቶ ገብቶ ተኝቶ ወጣ። ያን ቀን ምን አየህ ሲባል ዛሬም የሚመልሰው የበላውን ብስኩት ነው። ለዚያ ብስኩት ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘናል።

አምና ግን እነዚያኑ ሦስት ልጆች ይዘን፣ ብዙም ገንዘብ ሳንጨምር፣ ሳናለቅስና ሳናስለቅስ ተመለስን። የለወጥነው የምንሄድበትን ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ በአንድ ቀን ልናይ የምንመኘውን ብዛት ነው። የሚከተለው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው ለሚነሣ ቤተሰብ ነው፤ ከወልድያ ወይም ከላስታ የሚነሣ መንገዱን ያርዝመው እንጂ ሌላው ያው ነው።

1. መጀመሪያ ሐይቅ ላይ ተለማመዱ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ ልጆቹን ሐይቅ ከተማ ውሰዷቸው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ የምትይዙትን ቦርሳ ያዙ፣ የምታደርጉላቸውን ጫማ አድርጉላቸው፣ ምሳም ውጭ ብሉ። ከዚያ ሰዓት ያዙ። ከቤት ከወጣችሁ ስንተኛው ሰዓት ላይ ነው የመጀመሪያው ልቅሶ የመጣው? ማን ነው ቀድሞ የደከመው? ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ተጠየቀ?

እኛ ስንለካው የ12 ዓመቷ ስድስት ሰዓት ቻለች፣ የ9 ዓመቱ አምስት፣ የ5 ዓመቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ታዲያ የአዲስ አበባው ቀን የሚታቀደው በሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ በትንሹ። ትልቋ ታኮርፋለች፤ የሷ ኩርፊያ ግን በአይስክሬም ያልቃል፣ የትንሹ ድካም በምንም አያልቅም።

እግረ መንገዴን ስለ ሐይቅ ሁለት ነገር ልበል። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ሳያለብሱ ልጅ አታሳፍሩ፤ «አብሽሪ፣ ምንም አይል» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። ክረምት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ውኃውም ይናወጣል። ሁለተኛው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። ይህን ለሴት ልጃችሁ ቤት ሳላችሁ ንገሯት። የኔዋ እዚያ ደርሳ ስትሰማ የተቆጣችው ቁጣ ቆሮሶ ጥብስ እስኪቀርብ አልበረደም።

2. ቀን ምረጡ

የክረምቱ ዕረፍት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ቢሆንም ለዚህ ጉዞ የሚሆነው ቀን ጥቂት ነው። በኔ ዓይን እንዲህ ነው።

ሐምሌ በሙሉ ዝናብ ነው። ፓርኩ ላይ ሰው ያንሳል፤ ጭጋጉና ጭቃው ግን አለ። ሰልፍ ከሚጠሉት ወገን ከሆናችሁ፣ ልጆቻችሁም ከስድስት ዓመት በላይ ከሆኑ፣ ሐምሌ አይከፋም። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክረው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን መጠቀም ይቻላል።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ልጆችም ጭምር የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ጿሚ ቤተሰብ መንገድ ላይ ምግብ ይቸግረዋል፤ ቡሄም በመሐሉ ነሐሴ 13 ነው፣ «ሆያ ሆዬ» ሊጨፍር ለወር የተዘጋጀን ወንድ ልጅ ከሰፈሩ ጓደኞች ነጥሎ መውሰድ ግፍ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ የሴቶቹ ተራ ይመጣል፤ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል። የዚያ አካባቢ ሰው ከሆናችሁ በዚያ ሳምንት ሴት ልጅ ይዛችሁ አዲስ አበባ ብትወርዱ የትኛውም መጫወቻ አይክሳትም።

እኔ የምመርጠው ከነሐሴ 21 እስከ 28 ያለውን ሳምንት ነው። ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል፣ ጾሙ ተፈትቷል፣ የበዓሉ ግርግር ገና አልጀመረም። ከዚያ በኋላ ጳጉሜን ይገባል፤ ያኔ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ «ትምህርት ሳይጀምር» ይላል። ከሳምንቱ ማክሰኞን፣ ረቡዕንና ሐሙስን ያዙ። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ጋር ነው የምትሰለፉት። ሰኞ የሚዘጉ ቦታዎች ስላሉ ሰኞን የማረፊያ ቀን አድርጉት።

እስላማዊ በዓላት በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጡ የዘንድሮው የት እንደሚውል አስቀድማችሁ እዩ። እኛ ቤት እስላምም ክርስቲያንም አለ፤ አንደኛው ወገን ሲጾም ሌላኛው በዓል ላይ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ሰቅለን ነው ቀን የምንቆርጠው።

3. የትኛው ፓርክ? ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም

«ፓርክ» የሚለው ቃል ልጅንም ወላጅንም ያሳስታል። አንዱ ለመሮጥ ነው፣ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለመዋኘት። ልጁ ዥዋዥዌና የሚሽከረከር ወንበር እየጠበቀ የሚያምር አበባ ብታሳዩት ቀኑ በቃ አለቀ።

እንጦጦ ፓርክ (በመስከረም 2013 የተመረቀው) የሮጠ ልጅ ቦታ ነው። የባሕር ዛፍ ጫካ፣ የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ ፈረስ፤ ከፍ ላሉት ደግሞ በገመድ ላይ የሚያንሸራትተው ዚፕ ላይንና መሰል የጀብዱ ጨዋታዎች አሉ። ጨዋታዎቹ ለየብቻ ይከፈልባቸዋልና አትደንግጡ። ብርዱን ግን አትናቁ፤ የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። የጦሳ ተራራን ነፋስ የለመደ የደሴ ልጅ ይችለዋል፣ የኮምቦልቻው ግን ጃኬት ያስፈልገዋል።

አንድነት ፓርክ (በመስከረም 2012 የተከፈተው) በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። እዚህ ልጁ የሚጋልበው ነገር አይጠብቅ፤ የዙፋን ቤቱን፣ ግብር አዳራሹን፣ አንበሶቹን ያያል። እኔ ከመሄዳችን በፊት ልጆቼን የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ እዚሁ ደሴ አሳየኋቸው። ትልቋ የምኒልክን አዳራሽ ስታይ መጀመሪያ ያለችው «የኛው ጠባብ ነው ወይስ ይህ ሰፊ ነው?» ነው፤ ከዚያ አስጎብኚውን ለቀቅ አላደረገችውም። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ከአንበሶቹ ሌላ ያለው ይሰለቸዋል።

ወዳጅነት ፓርክ (በጳጉሜን 2012) ከእነዚህ ሁሉ ለትንንሾቹ የቀለለው ነው። መሐል ከተማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ውኃና ሣር አለ፤ ደክሟቸው ከሆነ ወጥታችሁ ታክሲ ለማግኘት አትቸገሩም። የሳይንስ ሙዚየሙም (በመስከረም 2015 የተከፈተው) በዚያው አካባቢ ስለሆነ ዝናብ ቢመጣ የምትሸሹበት አላችሁ።

የውኃ መጫወቻው ቢሾፍቱ ነው፣ ኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልጆች አንደኛ የሚመርጡት እሱን ነው፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ላይ ስላለች አየሯ ከአዲስ አበባ ይልቅ የኮምቦልቻን ይመስላል። ሆኖም ክረምት ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ደመናማ ቀን ላይ ልጁ በሃያ ደቂቃ ከንፈሩ ይጠቁራል። ቢሾፍቱ ለመሄድ ካሰባችሁ ከሐምሌ ይልቅ የነሐሴን መጨረሻ ምረጡ፣ ሌሊቱን የአየር ትንበያ እዩ፣ ጠዋት ሰማዩ ከጠቆረ ዕቅዱን ለማግሥቱ ለማስተላለፍ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ።

አንድ ቀን አንድ ቦታ። ሁለት አይሆንም። «እግረ መንገዳችንን» የምትለዋን ቃል ባለቤቴ ሲጀምራት አፉን በእጄ ነው የምይዘው።

4. ገንዘቡን በወረቀት ላይ አውጡት

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ፓርኩ ጋ ደውሉ። ስትደውሉ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ መግቢያው ስንት ነው? ስንት ዓመት ላይ ነው ልጅ በነጻ የሚገባው፣ ወይስ በቁመት ነው? እያንዳንዱ መጫወቻ ለብቻው ይከፈላል ወይስ በአንድ ቲኬት? በሥራ ቀንና በቅዳሜ ዋጋው ይለያያል? ምግብ ማስገባት ይቻላል? ስንት ሰዓት ይከፈታል?

ሰዓቱን ስትጠይቁ «በኛ አቆጣጠር?» ብላችሁ አረጋግጡ። በማኅበራዊ ገጽ ላይ «8:00» ተብሎ የተጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ አንድ ጎረቤታችን ከሰዓት 8 ሰዓት መስሎት ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቤተሰቡን ይዞ ደርሷል።

ከዚያ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ጻፉ፦ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ የከተማ ውስጥ ታክሲ፣ ምግብ፣ ፓርክ። ብዙ ሰው ከፓርኩ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ለመመለሻ ይበደራል። አምና ካወጣነው ግማሹን የበላው መንገድና አልጋ ነው። ድምሩ ላይ አምስተኛውን ያህል ለድንገተኛ ጨምሩ።

ለያንዳንዱ ልጅ ደግሞ የራሱን የጨዋታ ገንዘብ በፖስታ አድርጉ። «ይህ ካለቀ አለቀ» በሉና ምርጫውን ለእሱ ተዉት። መሐለኛው ልጄ ካቻምና «እሱንም፣ እሱንም፣ እሱንም» ሲል ውሎ ነበር፤ ፖስታው በራሱ እጅ ሲገባ ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆሞ አስቦ ሁለት ነገር መረጠ፣ ተርፎትም ለእህቱ ሎሚ ውኃ ገዛላት።

በቴሌብር የሚከፈልባቸው ቦታዎች በዝተዋል፤ ሰልፍም ያሳጥራል። ግን ኔትወርክ በሄደበት ሰዓት በር ላይ ላለመቆም የአንድ ቀን ጥሬ ገንዘብ ከሁለት ሰው ኪስ ተከፋፍሎ ይያዝ።

5. መንገዱ

ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ማታ መንገዱ ደህና መሆኑን ጠይቁ። የምትጠይቁት ዘመድን ሳይሆን በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ የገባ ሾፌርን ነው። «ዛሬ እንዴት ነበር?» በሉት። ካመነታ አንድ ቀን ቆዩ። ፓርኩ የትም አይሄድም።

አውቶቡስ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ እንደምትውሉ አስቡ። ለልጅ ወንበር ግዙ። የአምስት ዓመት ልጅን ጭን ላይ አድርጎ ያን ሁሉ ሰዓት መጓዝ ቁጠባ አይደለም፣ ቅጣት ነው፤ ለደህንነትም ጥሩ አይደለም። በሌሊት የሚነዳ ሚኒባስ በምንም ዋጋ አትሳፈሩ። አቅሙ ያለው ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ቢሄድ አንድ ቀን ያተርፋል።

መንገዱ ልጅን የሚያሳምምበት የታወቀ ቦታ አለው። ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ይሞቃል፣ ልጆቹ ልብሳቸውን ያወልቃሉ። ከደብረ ሲና ጀምሮ መንገዱ ይጠማዘዝና ወደ ጣርማበር ይወጣል፤ በአንድ ሰዓት ጊዜ ከሙቀት ወደ ብርድና ጭጋግ ነው የምትገቡት። የሚያስመልሳቸው እዚያ ነው። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ የቀይ ወጥ ምሳ አታብሏቸው፤ ደረቅ ዳቦና ውኃ ይበቃል። ጃኬቱ ከላይ ቦርሳ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን። ፌስታል በየልጁ ኪስ፣ ሁለት ሁለት። ሎሚ ማሽተት ይረዳል ይባላል፤ ለመሐለኛው ረድቶታል፣ ለትንሹ ሎሚውንም አስመለሰው። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ስታልፉ «አሁን እንገባለን» ብላችሁ ቀስቅሷቸው፤ ከጉዞው ሁሉ ሳይከፈልበት የሚደሰቱበት እሱ ነው።

አዲስ አበባ በገባችሁ ማግሥት ፓርክ አትሂዱ። አሳርፏቸው፣ ልብስ እጠቡ፣ ካልሲ አድርቁ። ሰዎች ገንዘብ ይቆጥባል ብለው ይህችን ቀን ይሠርዟታል፤ እኔ ካቻምና ሠርዣት ነው ልጄ ተኝቶ የገባው።

6. የዘመድ ቤት

አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ወሎዬ የለም። አልጋ ይቆጠባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ልጆች የአክስት ልጆችን ይተዋወቃሉ። ግን ካሁኑ ሁለት ነገር ቁርጥ አድርጉ።

አንደኛ፣ ወደ ፓርክ ስትሄዱ የዘመድ ልጆች ይከተላሉ። አምና ሦስት ልጆች ይዤ አክስቴ ቤት አድሬ፣ ጠዋት ከበር ስወጣ ስድስት ሆኑ። «እነሱ ይቅሩ» የሚል አፍ የለኝም፣ አክስቴም «አይ፣ አንቺን ማስቸገር!» እያለች ጫማቸውን ታሥርላቸዋለች። እንግዲህ ከመነሣታችሁ በፊት ለስድስት አስቡ፣ ወይም በስልክ «እትዬ፣ ልጆቹን ሐሙስ ወዳጅነት ፓርክ አብረን እንወስዳቸዋለን፣ ማክሰኞ ግን እኛው ብቻ ነን» ብላችሁ ቀድማችሁ ቀኑን ክፈሉት። እንዲህ ሲነገር ማንም አይቀየምም፤ በር ላይ ሲነገር ነው ቅያሜ የሚመጣው።

ሁለተኛ፣ የቀጠና ርቀት። ሰሚት ወይም ጀሞ ያለ ዘመድ ቤት አድሮ እንጦጦ በጠዋት መድረስ በታክሲ ሰልፍ የማይሆን ነገር ነው። ለፓርኩ ዋዜማ ብቻ ወደ ፓርኩ የሚቀርብ ፔንሲዮን መያዝ ብዙ ጊዜ ከታክሲው ይረክሳል። ለዘመድ እንዴት ይነገራል? «ልጁ በጠዋት መነሣት አይችልም» ይባላል። እውነትም ነው።

ባዶ እጅ አይገባም፤ ማር ወይም ቅቤ ያዙ። ቅቤው ግን ቆላው ላይ እንዳይቀልጥ በክዳን ዕቃ ይሁን። ከልብሱ ቦርሳ ጋር አትክተቱት፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

7. ቦርሳው

ለያንዳንዱ ልጅ፦ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ፣ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ሁለት ካልሲ፣ ፎጣ። ጃንጥላ ለሰልፍ አይመችም፤ የሰው ዓይን ይወጋል፣ ልጁም በነፋስ ይገለብጠዋል። ለጭቃ ኮንጎ ጫማ የመሰለ የለም፤ ለመሮጥና ወደ ላይ ለመውጣት ግን ያንሸራትታልና ሸራ ጫማውን ከቦርሳ አትለዩ።

ብዙ ፓርኮች ምግብ ይዞ መግባት ይከለክላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ጠዋት በሆድ ይዞ መግባት ነው፤ እንቁላል፣ ዳቦ፣ የበሶ ጭብጥ። ሥጋ ለምትበሉ ደግሞ፣ የእስላም ሥጋ የሚፈልግም የክርስቲያን ሥጋ የሚፈልግም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ ፓርክ ውስጥ ምሳን የጾም አድርጉት። ሽሮና አትክልት ሁሉንም ያስማማል፤ አስተናጋጁንም በጥያቄ አታስጨንቁትም።

ቢሾፍቱ ለምትሄዱ፦ የውኃ መጫወቻዎች በተለምዶ በጥጥ ልብስ መግባት አይፈቅዱም፤ የዋና ልብስ ይጠይቃሉ። ገላዋን ሸፍና መዋኘት የምትፈልግ እናት ወይም ልጅ ካለች ሙሉ ገላ የሚሸፍነው የዋና ልብስ ይፈቀድ እንደሆነ በስልክ ታጣራ። ከደሴ እስከ ቢሾፍቱ ሄዶ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ጫማ ጠባቂ መሆን ያስቆጫል።

8. ዕለቱ

በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ይህች ግማሽ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ትገዛለች። የአዋቂዎች መታወቂያ ይኑር፤ ፍተሻ አለ፣ ስለት ያለው ነገር ቦርሳ ውስጥ አይገኝ።

ገና ከበር ስትገቡ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያገኘው ነገር ላይ ይሰለፋል። እናንተ እለፉት። ልጆቹ በጣም የሚፈልጉትን አንድ ነገር፣ በተቻለ መጠን ከበሩ የራቀውን፣ መጀመሪያ አድርጉ። በሩ አጠገብ ያለውን ስትወጡ ታገኙታላችሁ።

ምሳ 5 ሰዓት ላይ ብሉ። አዎ፣ 5 ሰዓት። ሕዝቡ ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ምግብ ቤቱን ሲሞላ መጫወቻዎቹ ይሳሳሉ፤ እናንተ ያኔ ተጫወቱ። ሽንት ቤትም እንዲሁ፣ ከምሳ በፊት፣ ያስፈለገውም ያላስፈለገውም።

ሰልፍ ላይ አንድ አዋቂ ቆሞ ሌላው ልጆቹን ጥላ ሥር ያሳርፍ። ተራ ሲደርስ ግን ስምንት ሰው ጠርቶ ማስገባት ነውር ነው። አንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ከኋላ ያሉትን «ልጄ ነው፣ ይቅርታ» ብሎ ማስፈቀድ ይበቃል፤ ካልተፈቀደ አለመቆጣት።

እያንዳንዱ መጫወቻ ላይ የቁመት ወይም የዕድሜ ገደብ ካለ አትከራከሩ፣ ልጁንም ጫፍ ጫፉን አታስቁሙት። ቀበቶውን ሠራተኛው ሲያሥር ቆማችሁ እዩ፣ እናንተም ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹት። መብረቅ ሲያጉረመርም ከገመድ፣ ከከፍታና ከውኃ ውጡ፤ ሠራተኛው እስኪያስወጣችሁ አትጠብቁ። ውኃ ውስጥ ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ ጸጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ትንሹ ውኃ ውስጥ ባለበት ሰዓት አንድ አዋቂ እጁ በሚደርስበት ርቀት ይሁን፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ። በየሩብ ሰዓቱ «ተረኛው እኔ ነኝ» እየተባባላችሁ ተቀያየሩ። ሁለታችሁም እያያችሁ ከሆነ ማንም እያየ አይደለም።

የትንሹ ሰዓት ሲሞላ፣ ሐይቅ ላይ የለካችሁት፣ ውጡ። እየሳቀ ቢሆንም። አምና አንድ ተጨማሪ ዙር ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩና ወጣን። ታክሲ ሳንጋፋ አገኘን፤ በራይድ ወይም በፈረስ መተግበሪያ ለምትጠሩም ሠራተኛው ከቢሮ ሳይወጣ ዋጋው ይቀላል። ዝናቡ ቤት ከገባን በኋላ መጣ።

ዝናቡ ቀድሞ ከመጣስ? ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ አጠገብ ወዳለ ሙዚየም ግቡ። ለኛ አገር ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ያለችው ድንቅነሽ የጎረቤት ናት። በኅዳር 1967 የተገኘችበት ሐዳር ያኔ በወሎ ግዛት ሥር ነበር። ይህን የነገርኩት መሐለኛው ልጄ አጠገቡ ለቆሙት የአዲስ አበባ ልጆች «የኛ ናት» ብሎ ሲያስረዳ ሰምቼ አፈርኩም ኮራሁም።

9. ልጅ ቢጠፋ

ካቻምና መሐለኛው ለአሥር ደቂቃ ጠፍቶብን ነበር። ጥበቃዎቹ አግኝተው «እናትህ ማን ትባላለች?» ሲሉት «እማዬ»። «ቤታችሁ የት ነው?» ሲሉት «ቧንቧ ውኃ»። አዲስ አበባ መሐል የደሴውን ሰፈር፣ ቧንቧ ውኃን፣ ማን ያውቃል! ደግነቱ አንደኛው ጥበቃ የወረባቦ ልጅ ነበር፤ «የደሴ ልጅ ነህ?» ብሎ እጁን ይዞ በድምፅ ማጉያ አስጠራን።

ያ ጥበቃ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ፦ የአባትና የእናት ሙሉ ስም ከነአያት ያጥኑ፣ መንገድ ላይ እንደ ጨዋታ አስደጋግሟቸው። ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ከእጅጌው በታች ክንዳቸው ላይ ጻፉ፤ ውኃ ለሚገቡት በወረቀት አይሆንም። ጠዋት ከበር ላይ በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሷቸው፤ ልጅ ሲጠፋ የሸሚዝ ቀለም ከእናት ጭንቅላት ይጠፋል። ስትገቡ አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት አሳዩና «ከጠፋችሁ እዚህ ቁሙ፣ እኛ እንመጣለን፣ እናንተ አትፈልጉን» በሏቸው። ማንን መጠየቅ እንዳለባቸውም ንገሯቸው፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው፣ እሱ ከሌለ ልጅ የያዘች እናት።

10. መመለስ

ከፓርኩ ማግሥት አንድ ቀን አርፋችሁ ተነሡ፣ ከትምህርት ቤት ምዝገባ በፊት ቢያንስ አምስት ቀን ቀደም ብላችሁ ደሴ ግቡ። በጳጉሜን የመጨረሻ ቀናት ወደ ወሎ የሚወጣው መኪና በበዓል ገቢ ሰው ይሞላልና የመመለሻውን ቲኬት አዲስ አበባ በገባችሁበት ቀን ቁረጡት። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ነው፤ ፌስታሉን እንደገና በየኪሱ። የረጠበውን የዋና ልብስ ለብቻው አሥራችሁ እጃችሁ ላይ ያዙት። እኛ ከቅያሪው ጋር ከትተነው ደሴ ስንደርስ የከፈትነው ቦርሳ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ አድሯል።